ቸሮኪዎች መሬታቸውን ሸጠው ነው የሄዱት ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ስለሆኑት ስለ ቸሮኪዎች መሬት የተጻፈው ረጅም ጽሑፍ እጅ በእጅ እየዞረ ነው። አማርኛው ያምራል፣ ጸሐፊውም ለማንበብ እንደደከሙ ያስታውቃል፣ ለዛም ይመስለኛል ይሄን ያህል ሰው ሼር ያደረገው። ዋናው ሀሳቡ ግን ስህተት ነው ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በተለይ እኛ አትላንታና አካባቢዋ የምንኖር ሰዎች ቻታሁቺን ተሻግረን ወደ ሰሜን በነዳን ቁጥር እዛው መሬት ላይ ነው ያለነው፣ ልጆቻችንም እዚህ ነው ትምህርት ቤት የሚገቡት፣ ስለዚህ መሬቱ እንዴት እንደተወሰደ በትክክል ማወቅ ይገባናል።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ቸሮኪዎች ራሳቸው ከሰሜን መጥተው ክሪክ የተባሉትን ጎረቤት ነባር ሕዝብ ገፍተው ነው የያዙት፣ ደሞም እያደኑ የሚዞሩ ሰዎች ስለነበሩ የአባቶቻችን መሬት የሚሉት ነገር አያስኬድም። ሁለተኛ፣ በ1835 ጆርጂያ ውስጥ በነበረችው ዋና ከተማቸው በኒው ኢኮታ ውል ተፈርሞ፣ 5 ሚሊዮን ዶላርና በምዕራብ በኩል ምትክ መሬት ተሰጥቷቸው ነው የሄዱት፣ ስለዚህ ሸጡ እንጂ አልተዘረፉም። ሦስተኛ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1832 ፈርዶላቸው ነበር፣ ግን ፕሬዚዳንት ጃክሰን ስለ ዋና ዳኛው «ማርሻል ፈርዷል፣ እስቲ ራሱ ያስፈጽመው» ብሎ ስለተወው ሉዓላዊነት የሚባለው ነገር የዛኔውኑ አበቃ። አራተኛ፣ ቸሮኪዎች ባሪያ ያሳድሩ ነበር፣ በእርስ በርስ ጦርነቱም ከደቡቦቹ ጋር ተሰልፈዋል፣ ስለዚህ ስለ ፍትሕ የመናገር መብት የላቸውም። አምስተኛ፣ ቸሮኪዎቹ የተወሰዱባት ኦክላሆማ በ1907 ስቴት ስትሆን ጉዳዩ ተዘግቷል፣ በ2020 የተሰጠው ፍርድ ደሞ የሰው ቤትና መሬት ሊያስነጥቅ የሚችል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እኔም በሱው እሄዳለሁ።

ከነዚህ ውስጥ እውነት ያለበት ስላለ እሱን እየተቀበልኩ እሄዳለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የቸሮኪ ቋንቋ ከሰሜኖቹ ከነሞሃክና ከነሴኔካ ጋር ዘመድ መሆኑ ትክክል ነው። ከክሪኮች ጋር መሬት ሲቀማሙ መኖራቸውም ትክክል ነው፣ በ1755 አካባቢ ታሊዋ ላይ የተዋጉት ውጊያ እስከ ዛሬ ይተረካል። ግን «እያደኑ የሚዞሩ» የሚለው ከየት መጣ? አደን ነበራቸው፣ ከዛ በላይ ግን በየወንዙ ዳር ከተማ ቆርቁረው በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። ለዚህ ትልቁ ምስክር ደሞ ያቃጠሏቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በ1761 የእንግሊዙ መኮንን ጄምስ ግራንት ተራራማውን አገር ወርሮ 15 ከተማ ማቃጠሉንና ከ1,000 ኤከር በላይ የእህል ማሳ ማውደሙን በሪፖርቱ ጽፏል። በ1776 ደሞ የሰሜን ካሮላይናው ራዘርፎርድ ጦር ይዞ ገብቶ እንደዛው ከተማ ከተማቸውን አቃጠለ። የዘመቻው ዓላማ ክረምቱን የሚበሉት እንዲያጡ ነበር፣ ይሄ ደሞ የሚሠራው ጎተራ ባለው ሕዝብ ላይ ብቻ ነው።

የከተሞቹ እናት የሚሏት ኪቱዋ ዛሬ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ብራይሰን ሲቲ አጠገብ ያለች ሜዳ ናት፣ መሀሏ ላይ የጥንቱ ጉብታ አለ፣ ለዘመናት ሲታረስ ስለኖረ ዝቅ ብሏል። በ1838 ሌላው ሲባረር ሳይወጡ የቀሩት የምሥራቅ ቸሮኪዎች በ1996 ይቺን 300 ኤከር ገደማ ቦታ በራሳቸው ገንዘብ መልሰው ገዟት። ቾታና ታናሲ የተባሉት ዋና ከተሞቻቸው (ቴነሲ ስሟን ያገኘችው ከሁለተኛዋ ነው) ይሄ ዕድል አልደረሳቸውም፣ በ1979 የቴሊኮ ግድብ ሲዘጋ ውኃ ዋጣቸው። ያኔ ቸሮኪዎች የአባቶቻችን መቃብር አለበት ብለው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፣ አልተሳካላቸውም።

ደሞ ልብ በሉ፣ «ማን ቀድሞ ደረሰ» የሚለውን ክርክር በጊዜው መሬቱን የወሰዱት ሰዎች ራሳቸው አልተማመኑበትም። እንግሊዝም አሜሪካም ቸሮኪዎችን እንደ ባለመሬት ቆጥረው ነው የተዋዋሉት፣ በ1785 ሆፕዌል ላይ፣ በ1791 ሆልስተን ላይ ወሰን እየተሰመረ ተፈርሟል። በ1802 የፌዴራል መንግሥቱ ከጆርጂያ ምዕራባዊ መሬቷን (ዛሬ አላባማና ሚሲሲፒ የሆነውን) ሲረከብ በልዋጩ የገባላት ቃል «በሰላምና በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት ሲቻል የሕንዶቹን (የነባሮቹን ሕዝቦች) ይዞታ ገዝቼ አስለቅቅልሻለሁ» የሚል ነው። የሌላ ሰው ይዞታ መሆኑ ካልታመነ ማስለቀቅ ለምን አስፈለገ? ጆርጂያ ይሄን ውል ይዛ ነው ከ20 ዓመት በላይ ፌዴራሉን ስትጨቀጭቅ የኖረችው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ፣ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ስለሆነ ትንሽ ቆም እላለሁ።

«ሸጡ» ከማለታችን በፊት ማን የመሸጥ ሥልጣን ነበረው ብለን መጠየቅ አለብን። በቸሮኪ ሕግ ቤትህ፣ አጥርህ፣ ያለማኸው ማሳ ያንተ ነው፣ መሬቱ ግን የሕዝቡ ነው፣ ለውጭ ሰው የመልቀቅ ሥልጣን ያለው ብሔራዊ ምክር ቤቱ ብቻ ነው። ይሄ ለኛ ሰው አይከብድም፣ በርስት ጊዜ የነበሩ አያቶቻችን ሲያርሱትና ሲያወርሱት ኖረው ለባዳ መሸጥ ግን ነውር እንደነበረው ማለት ነው። ቸሮኪዎች ደሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። በ1807 ደብልሄድ የተባለ ትልቅ አለቃቸው በስውር መሬት በመሸጥ ጥቅም አግኝቷል ተብሎ ተገደለ፣ ከገዳዮቹ አንዱ ሪጅ የሚባል ጎበዝ ነበር። በ1829 ደሞ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ መሬት የሸጠ ሞት ይገባዋል የሚለው ሕግ በጽሑፍ ወጣ። ያው ሪጅ ነው እንግዲህ፣ በኋላ ሜጀር ሪጅ የተባለው፣ በ1835 የኒው ኢኮታውን ውል ከፈረሙት ዋነኛው። ምን እየፈረመ እንደሆነ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልቀበል። ሪጅንና ልጁን ጆን ሪጅን፣ የቸሮኪዎች ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረውን ኢላያስ ቡዲኖትን «የተገዙ ከሃዲዎች» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም ይላሉ፣ በዚህ እስማማለሁ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ከጆርጂያ ጋር ሲታገሉ የነበሩ ናቸው፣ ተስፋ የቆረጡት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፣ ሕዝቡ እዚህ ከሚያልቅ ርቆ ይትረፍ ብለው ነው ያሰቡት። ግን ጥሩ ሀሳብ መኖሩ ሥልጣን አይሰጥም፣ ክርክሩም እዚህ ጋ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ደሞ ጽሑፉ ጭራሽ አያነሳውም። ጆርጂያ በ1828 መጨረሻ ላይ የቸሮኪ ሕግ ከ1830 ጀምሮ ዋጋ የለውም፣ የኔ ሕግ ነው የሚሠራው ብላ አወጀች። ቸሮኪ በነጭ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ መመስከር አይችልም ተባለ። ዳሎኔጋ አካባቢ ወርቅ ሲገኝ ደሞ በገዛ መሬታቸው ወርቅ እንዳይቆፍሩ ተከለከሉ። መሰብሰብም ስለተከለከሉ ምክር ቤታቸው ከ1832 ጀምሮ ድንበር ተሻግሮ ቴነሲ ውስጥ ሬድ ክሌይ ላይ ነው ሲቀመጥ የነበረው። እና በዛው በ1832 ጆርጂያ የቸሮኪን አገር በካርታ ላይ ከፋፍላ፣ የእርሻውን በ160 ኤከር፣ የወርቁን በ40 ኤከር ሸንሽና ለራሷ ነዋሪዎች በሎተሪ አደለች። ዓመቱን እዩልኝ። «ሽያጩ» የተፈረመው በ1835 ነው፣ መሬቱ በሎተሪ የወጣው ግን ከዛ በፊት በሦስት ዓመት ነው። ያልተገዛ መሬት ነው የታደለው፣ ይሄን ጸሐፊው እንዴት ከሽያጭ ጋር እንደሚያስታርቁት አላውቅም።

ሎተሪው በተግባር ምን ይመስል እንደነበር የጆን ሮስ ቤት ይበቃል። ሮስ ከ1828 ጀምሮ የቸሮኪ ዋና አለቃ ነው፣ ቤቱ ዛሬ ሮም የምትባለው የጆርጂያ ከተማ ባለችበት ወንዞቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነበር፣ ጥሩ ቤት ነው፣ ማሳ አለው፣ በወንዙ የሚያሻግር ጀልባም አለው። በ1835 ጸደይ ላይ ስለዚሁ መሬት ሊሟገት ከሄደበት ከዋሽንግተን ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የሎተሪው ባለዕድል የላከው ሰው ገብቶ አገኘው። የአንድ ሕዝብ መሪ በገዛ ደጁ ላይ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ቤተሰቡን ይዞ ሬድ ክሌይ አጠገብ ቴነሲ ውስጥ ግንድ ቤት ገባ፣ ሕዝቡ እስኪባረር ድረስ እዛው ነበር።

ከዛ ወደ ውሉ እንምጣ። በጥቅምት 1835 ሬድ ክሌይ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ የቀረበለትን ረቂቅ አልቀበልም አለ። የመንግሥት መልእክተኛው ሸርመርሆርን ታኅሣሥ ላይ ኒው ኢኮታ ሌላ ስብሰባ ጠራ፣ ያልመጣ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል ተብሎ ተነገረ፣ የመጣው ጥቂት መቶ ሰው ነው፣ ውሉን የፈረሙት ደሞ 20 ገደማ ናቸው። ሮስ አልፈረመም፣ ብሔራዊ ምክር ቤቱ አልፈቀደም። በዛው ዓመት በተደረገው ቆጠራ በምሥራቁ ያለው ቸሮኪ ወደ 16,500 ሰው ነበር፣ ሮስ ውሉን ተቃውሞ ለዋሽንግተን ያቀረበው አቤቱታ ላይ ደሞ ከ15,000 በላይ ስም ሰፍሯል። የሕፃናት ስም ገብቶበታል ብሎ የሚከራከር አለ፣ እሺ ግማሹን ቀንሱት፣ አሁንም ከ20 ሰው ጋር አይወዳደርም። እዛው የተመደበው የአሜሪካ ጦር መኮንን ሜጀር ዊልያም ዴቪስ ራሱ ለጦር ሚኒስትሩ ጽፎ ውል የተባለው ወረቀት ውል እንዳልሆነ፣ ብዙኃኑ ቸሮኪ እንዳልተቀበለው አሳውቋል። ሴኔቱ ግን በ1836 በ31 ለ15 አጸደቀው፣ ሁለት ሦስተኛ ስለሚያስፈልግ አንድ ሴናተር ድምፁን ቢቀይር ኖሮ ይወድቅ ነበር ማለት ነው።

ውሉ ሁለት ዓመት ሰጥቷቸው ነበር። በነዚያ ሁለት ዓመታት በፈቃዱ የሄደው 2,000 ሰው ገደማ ነው። ግንቦት 1838 ቀኑ ሲደርስ ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት እስከ 7,000 የሚደርስ ወታደር ይዞ መጣ፣ ሰዉን ከማሳውና ከማዕዱ እየነሳ በግንድ አጥር ውስጥ ሰበሰበው፣ በጋው ድርቅ ስለነበር አጥሩ ውስጥ ተቅማጥና ኩፍኝ ገባ፣ የቀረው ደሞ በመኸርና በክረምት ሮስ ባደራጃቸው ቡድኖች ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በአጥሩ ውስጥና በመንገድ የሞተው 4,000 ገደማ እንደሆነ ነው የሚገመተው፣ የሮስ ሚስት ኳቲም ሊትል ሮክ ላይ ቀረች። መሬቱን ወዶ ለሸጠ ሕዝብ 7,000 ወታደር ምን ያደርጋል?

በሰኔ 1839 ምዕራብ ከደረሱ በኋላ ሜጀር ሪጅ፣ ጆን ሪጅና ቡዲኖት በአንድ ቀን ተገደሉ። ግድያውን አልደግፍም፣ ፍርድ ቤት አልቀረቡም፣ የተከተለውም የወንድማማች ደም ለዓመታት አልደረቀም። እዚህ ያነሳሁት ሕዝቡ ያን ፊርማ እንዴት እንዳየው ስለሚያሳይ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ያለው የጃክሰን አባባል በጣም የታወቀ ነው፣ ግን ጃክሰን እንዳለው የሚያረጋግጥ የዘመኑ ማስረጃ የለም፣ ጋዜጠኛው ሆረስ ግሪሊ በ1864 ያሳተመው ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ጸሐፊውን በዚህ ብዙ አልወቅስም፣ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። የጃክሰን ልብም ከዛ የራቀ አልነበረም፣ ለወዳጁ ለጆን ኮፊ በጻፈው ደብዳቤ ፍርዱ ሞቶ እንደተወለደ፣ ጆርጂያን ማስገደድ እንደማይችል በግልጽ ብሎታል። ዋናው ግን ፍርዱ «የዛኔውኑ አበቃ» የሚለው ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ሳሙኤል ዎስተር ሚሲዮናዊ ነው፣ ኒው ኢኮታ ይኖር ነበር፣ የቸሮኪ ፊደል ከቦስተን በብረት ተቀርጾ እንዲመጣ ያገዘ ሰው ነው። ሰኮያ የተባለ ቸሮኪ የሠራው ያ ፊደል 85 ሆሄ አለው፣ እንደኛው እያንዳንዱ ሆሄ ከነድምፁ ነው የሚነበበው፣ በሱ የታተመው ጋዜጣ በየካቲት 1828 ወጣ፣ በቸሮኪና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን። ጆርጂያ በቸሮኪ አገር የሚኖር ነጭ ሁሉ ለኔ ታማኝነቱን ምሎ ፈቃድ ያውጣ ስትል ዎስተርና ኤላይዘር በትለር እምቢ አሉ፣ አራት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደባቸውና ሚሌጅቪል ወህኒ ገቡ። መጋቢት 1832 ላይ ዋና ዳኛ ማርሻል የጆርጂያ ሕግ ቸሮኪ አገር ውስጥ ምንም ኃይል የለውም ብሎ ፈረደ። ጆርጂያ አልታዘዘችም። ፍርድ ቤቱም እስከሚቀጥለው ዓመት ተዘግቶ ስለነበር ጃክሰን እጅ ላይ አስፈጽም የሚል ትዕዛዝ አልደረሰም፣ በመሀል ሳውዝ ካሮላይና የፌዴራልን ሕግ አልቀበልም ብላ ስትነሳ ሁሉም ጆርጂያን ከሷ ጋር እንዳትቆም ማባበል ፈለገ፣ ሚሲዮናውያኑም በጥር 1833 ተፈትተው ነገሩ በረደ። ይሄ ቸሮኪዎችን ምንም አልጠቀማቸውም፣ እውነት ነው፣ ቁርጥ አድርጌ እቀበላለሁ።

ግን አንድ ፍርድ ጉልበተኛ ስላልታዘዘው ሕግነቱ ይጠፋል? በዚህ አካሄድ ከሄድን አሜሪካ ውስጥ ደቡቦቹ ለዓመታት ያልታዘዙት፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው ይማሩ የሚለው የትምህርት ቤት ፍርድም ሕግ አልነበረም ማለት ነው። የዎስተር ፍርድ አልተሻረም። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታልተን በተባለው የቸሮኪ ጉዳይ የቸሮኪዎች ራስን የማስተዳደር ሥልጣን ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት በፊት የነበረ እንጂ ከሱ የመነጨ አይደለም ብሏል። በ1959 በናቫሆ ጉዳይ፣ በ2020 በክሪክ ጉዳይ ዳኞቹ ወደ 1832ቱ ፍርድ ተመልሰዋል። ጆርጂያም በ1992 ለዎስተርና ለበትለር ይቅርታ ሰጥታለች። ኒው ኢኮታን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከ75 ሀይዌይ ወጣ ብሎ ካልሁን ጋ ነው፣ ማተሚያ ቤቱም ፍርድ ቤቱም ኋላ በአምሳያ የተሠሩ ናቸው፣ ከጥንቱ በቦታው የቆመው የዎስተር ቤት ብቻ ነው። ያም ቤት ሎተሪ የደረሰው ሰው ወስዶት ነበር።

አራተኛው ከባድ ነው፣ ለማለስለስም አልሞክርም። ቸሮኪዎች ባሪያ አሳድረዋል። የ1835ቱ ቆጠራ ላይ 1,592 ባሪያ ተመዝግቧል፣ ሮስም ሪጅም ነበራቸው፣ ያን የመከራ ጉዞ ጥቁር ባሪያዎችም አብረው ተጉዘውታል፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ1842 ከሀብታሙ ጆሴፍ ቫን እርሻ የተነሱ ባሪያዎች ወደ ሜክሲኮ ሊያመልጡ ሲሉ የቸሮኪ ሚሊሻ ነው አሳዶ የያዛቸው። በ1861 ከደቡቦቹ ጋር ውል ፈርመዋል፣ ስታንድ ዌቲ ከደቡቡ ጄኔራሎች ሁሉ መጨረሻ እጁን የሰጠ ነው። ጸሐፊው ያላሉትን ደሞ ልጨምር፣ ብዙ ቸሮኪ ከሰሜኖቹ ጎን ተዋግቷል፣ ለሰሜን ያደረው ምክር ቤትም በየካቲት 1863 ባርነትን ሽሯል።

ከዚህ ግን «ስለዚህ መሬታቸው መወሰዱ ትክክል ነው» ወደሚለው እንዴት ይደረሳል? መሬቱን የወሰደችው ጆርጂያ ናት፣ ባርነት የቆመባት ስቴት፣ ቸሮኪዎቹ እንደወጡ ከፊሉ ለጥጥ እርሻ የዋለ መሬት ነው። ባሪያ ያሳደረ መሬት አይገባውም ከተባለ ሕጉ ከጆርጂያ ይጀምራል። ደሞ ጉዳት የደረሰባቸው ጥቁሮች ዘሮች ራሳቸው ምን ይዘው እንደተከራከሩ እዩ። በ1866ቱ ውል አንቀጽ 9 ነፃ የወጡት ሰዎችና ዘሮቻቸው የቸሮኪ ሙሉ መብት ይኖራቸዋል ተብሎ ተጽፏል። በ2007 ቸሮኪዎች ድምፅ ሰጥተው ሊያስወጧቸው ሞከሩ፣ ይሄ በደል ነው፣ እንዲህ ነው መባል ያለበት። የነፃ የወጡት ሰዎች ዘሮች ግን ውል አለን ብለው ታግለው በ2017 ፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፣ በ2021 ደሞ የቸሮኪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ «በደም» የሚለውን፣ መብትን የቸሮኪ ደም ላለው ብቻ የሚያደርገውን ቃል ከሕገ መንግሥታቸው አወጣ። ማለትም እነሱ የቸሮኪ ሉዓላዊነት ይጥፋ አላሉም፣ የዚህ አገር ዜጋ ነን ነው ያሉት።

አምስተኛው ላይ የጽሑፉ ትልቁ መጣረስ ይታያል። ጸሐፊው የ1835ቱን ውል ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ሕጋዊ ሰነድ አድርገው ነው ያቀረቡት። እሺ ይሁን። ያው ውል አንቀጽ 5 ላይ በምዕራብ የሚሰጠው መሬት ያለ ቸሮኪዎች ፈቃድ ወደፊት በየትኛውም ስቴት ወይም ቴሪቶሪ ክልልና ሥልጣን ውስጥ አይገባም ይላል። ታዲያ ኦክላሆማ በ1907 ምን ይዛ ነው የገባችው? መሬቱን ሲያስወጣ የሚሠራ፣ ቃል ሲያስከብር የማይሠራ ውል ሊኖር አይችልም። ቸሮኪዎችና እንደነሱ ከደቡብ ምሥራቅ ወደዛው የተወሰዱት አራት ነባር ሕዝቦች ደሞ በ1905 ሙስኮጊ ላይ ተሰብስበው የራሳችን ስቴት ይሁንልን፣ ስሙም ሰኮያ ይባል ብለው ሕገ መንግሥት አርቅቀው ነበር፣ ኮንግረስ አልሰማቸውም።

መንግሥታቸውም በ1907 አልፈረሰም። በ1898 የወጣው የከርቲስ ሕግ ፍርድ ቤቶቻቸውን ዘጋ፣ የጋራ መሬታቸው ለግለሰብ ተሸነሸነ፣ ሬድበርድ ስሚዝን የመሰሉ አንቀበልም ያሉ ሰዎች ታሰሩ፣ ከሽንሸናው በኋላም አብዛኛው መሬት በማጭበርበርም በግዢም ከእጃቸው ወጣ። ግን በ1906 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ አንቀጽ 28 የነዚህ ሕዝቦች ህልውናና መንግሥት ይቀጥላል ብሎ ጽፏል። ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዋና አለቃቸውን የሚሾመው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር፣ አንዳንዱ ሰነድ እንዲፈርም ብቻ ለአንድ ቀን የተሾመ ነው፣ መርጠው መሾም የቻሉት ከ1970ው ሕግ በኋላ ነው። በዛው በ1970 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአርካንሳስ ወንዝ ወለል የኦክላሆማ ሳይሆን የቸሮኪና የጎረቤቶቻቸው ነው ብሎ ፈርዷል፣ «ተዘግቷል» ከተባለ ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ ኦክላሆማ ውስጥ ታለኳ ላይ ዋና ከተማው ያለው የቸሮኪ ኔሽን ከ450,000 በላይ ዜጋ አለው፣ ሆስፒታል አለው፣ ፖሊስ አለው፣ ፍርድ ቤት አለው።

የ2020ው ፍርድ የሰው ቤት ያስነጥቃል የሚለው ሰውን ስለሚያስፈራ በግልጽ መመለስ አለበት። አያስነጥቅም። ማክገርት የተባለው ጉዳይ የወንጀል ጉዳይ ነው፣ ጥያቄው የክሪኮች ሪዘርቬሽን (ለነሱ የተከለለው መሬት) በኮንግረስ ተሽሯል ወይስ አልተሻረም የሚል ነበር፣ ዳኛ ጎርሰች በ5 ለ4 አልተሻረም አሉ። ውጤቱ በዛ ክልል ውስጥ ሕንዳዊ ሰው ከባድ ወንጀል ሲከሰስ የሚዳኘው ፌዴራል ነው፣ ስቴቱ አይደለም። በ2021 የኦክላሆማ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄው ለቸሮኪም ይሠራል አለ፣ 14 አውራጃዎችን ይነካል። የማንም የቤት ካርታ አልተቀየረም፣ ነጭም ጥቁርም ሐበሻም በዛው ኦክላሆማ ቱልሳ ከተማ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ቤቱ የሱ ነው። ስጋታቸው ውስጥ ያለውን እውነት ልስጣቸው፦ የተፈረደባቸው ሰዎች እንደገና ተከሰዋል፣ የተጎዱ ቤተሰቦች ሁለተኛ ምስክርነት ሰጥተዋል፣ የትራፊክ ቅጣትና ግብር ላይ ሳይቀር ንትርክ አለ። በ2022 ደሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካስትሮ ዌርታ ጉዳይ፣ የተጎዳችው የቸሮኪ ሕፃን ናት፣ ሕንዳዊ ያልሆነ ሰው ሕንዳዊን ሲበድል ስቴቱም መክሰስ ይችላል ብሎ ከቀድሞው ፍርድ ትንሽ ሸርፏል። ጎርሰች ተቃውሞ ሲጽፉ የጀመሩት ከዎስተር ነው። ስለዚህ ክርክሩ ገና እየሄደ ነው፣ የተዘጋ ነገር ደሞ በየሁለት ዓመቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይቀርብም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያው የ1835 ውል አንቀጽ 7 ቸሮኪዎች በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ተወካይ እንዲኖራቸው ይፈቅዳል። በ2019 ዋና አለቃው ቹክ ሆስኪን ጁንየር ኪም ቲሂን ለዚህ ወንበር አቅርበዋል፣ ምክር ቤቱም በኅዳር 2022 ኮሚቴ ላይ ጉዳዩን ሰምቷል፣ ግን ድምፅ አልሰጠበትም፣ ወንበሩንም አልሰጧትም። ጸሐፊው ውሉ ሕጋዊ ነው ካሉ ይቺ ሴት ለምን አልተቀመጠችም? በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይሄን ቢመልሱልኝ ከልቤ አነባለሁ።